ተዛማጅ ዝርዝሮችን ሳያፋልሱ በአንድ ቅደም ተከተል መደርደር፦ በፓይተን፣ ደረጃ በደረጃ

በጅማ ዞን ቀይ እሸት ቡና የሚረከብ ጣቢያ መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባ ብዙ ጊዜ የደረሰኝ ቁጥሩ በአንድ ዝርዝር፣ ቡናው የመጣበት ወረዳ በሌላ፣ ኪሎው በሦስተኛ፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ደግሞ በአራተኛ ዝርዝር ይቀመጣል። አራቱን ዝርዝሮች የሚያገናኛቸው ተራቸው ብቻ ነው፤ ከኪሎዎቹ ሦስተኛው የሚመለከተው ከወረዳዎቹ ሦስተኛውን ነው። አንዱ ዝርዝር ብቻውን ከተደረደረ ይህ ግንኙነት ይፈርሳል፤ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተንም ትእዛዙን በትክክል ስለፈጸመ ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም። ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ዝርዝሮቹን ራሳቸውን አለመደርደር ነው። የቦታ ቁጥሮቻቸውን ብቻ የያዘ አንድ ዝርዝር ይደርድሩ፤ ከዚያም ያንን ተራ በሁሉም ላይ በእኩል ይተግብሩ። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንኑ በጥንቃቄ ለመፈጸም የተዘጋጁ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ከመጀመርዎ በፊት

1. ፓይተን 3.10 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት መጫኑን ያረጋግጡ። በደረጃ 5 የምንጠቀምበት አንድ መቆጣጠሪያ ከዚያ በፊት በነበሩት ስሪቶች ውስጥ የለም።

2. የመጀመሪያውን ፋይል ቅጂ በሌላ ስም ያስቀምጡና ቅጂውን ፈጽሞ አይንኩት። አንድ ጊዜ ተፋልሶ የተቀመጠ ፋይል ከራሱ መረጃ ተነሥቶ ሊስተካከል አይችልም።

3. የትእዛዝ ስሞችን አጻጻፍ ልብ ይበሉ። እዚህ ሶርትድ፣ ሬንጅ፣ ሌን፣ ኪይ፣ ላምዳ፣ ፎር፣ ኢን፣ ዚፕና የመሳሰለውን እያልን በአነባበባቸው በግእዝ ፊደል የጻፍናቸውን የፓይተን ቃላት በኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ይጽፏቸዋል። ትሩ («እውነት»)፣ ፎልስ («ሐሰት») እና ነን («ምንም የለም») የሚሉት ግን የመጀመሪያ ፊደላቸው ትልቅ ነው። ኪሎ፣ ወረዳ፣ ዋጋ፣ ተራ የሚሉትን የተለዋዋጭ ስሞች (መረጃ የምናስቀምጥባቸውን መጠሪያዎች) እንዳሉ በግእዝ ፊደል መተው ይችላሉ፤ ፓይተን 3 ይቀበላቸዋል።

4. የአማርኛውን ኪቦርድ ለተለዋዋጭ ስሞች ብቻ ይክፈቱ፤ ኮማውንና ሁለት ነጥቡን ሲጽፉ ወደ ላቲኑ ይመለሱ። ነጠላ ሰረዝ (፣) በኮማ ቦታ ከገባ ፓይተን ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስሕተት) ይላል። መስመሩ ለዓይን ትክክል ስለሚመስል ይህ ስሕተት ፈልጎ ለማግኘት አድካሚ ነው።

5. ለእያንዳንዱ ስም አንድ አጻጻፍ ይምረጡ። «ስም» እና «ሥም» ለእኛ አንድ ቢሆኑም ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ተለዋዋጮች ናቸው፤ ኔም ኤረር («ይህን ስም አላውቀውም») ከታየ አስቀድመው ይህንን ይመርምሩ።

ደረጃ 2፦ መረጃውን ያጽዱ

ከኤክሴል በሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8 (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) የተቀመጠን ፋይል በዩቲኤፍ-8-ሲግ ኢንኮዲንግ (የፊደላት አመዘጋገብ) ይክፈቱት። በተራው ዩቲኤፍ-8 ከተከፈተ ኤክሴል በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚተወው የማይታይ ምልክት ከመጀመሪያው ዓምድ ርእስ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ርእሱንም በስሙ ሲጠሩት አይገኝም።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ጽሑፍ በስትሪፕ ከፊትና ከኋላ ካለው ባዶ ቦታ ያጽዱት፤ ፊቱ ላይ ባዶ ቦታ ያለበት ወረዳ ከሁሉም ቀድሞ ይደረደራልና። በፋይሉ መጨረሻ የቀረ ባዶ መስመር ካለ ያጥፉ።

ኪሎውንና ዋጋውን የግድ ወደ ቁጥር ይቀይሩ። ከፋይል የተነበበ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ስለሆነ 112 ከ95 በፊት ይመጣል፣ አንድ ከዘጠኝ ይቀድማልና። «1,250» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ኢንት ስለማይቀበለው ኮማውን አስቀድመው ያውጡ።

ለዚህ መመሪያ የምንጠቀምባቸው አራት ዝርዝሮች የሚከተሉት ናቸው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተመረጡ ናቸው።

ደረሰኝ = [301, 302, 303, 304, 305]
ወረዳ = ["ጎማ", "ማና", "ጌራ", "ቀርሳ", "ሊሙ ኮሳ"]
ኪሎ = [112, 95, 240, 95, 68]
ዋጋ = [55, 62, 58, 60, 50]

የቦታ ቁጥር ከ0 እንደሚጀምር አይርሱ። ኤክሴል ላይ ርእሱ በረድፍ 1 ከሆነ፣ በፓይተን 0 ላይ ያለው መረጃ በኤክሴል ረድፍ 2 ላይ ያለው ነው።

ደረጃ 3፦ የተሳሳተውን መንገድ ለይተው ይወቁ

ወረዳውንና ኪሎውን ለየብቻ ቢደረድሯቸው ወረዳው «ሊሙ ኮሳ፣ ማና፣ ቀርሳ፣ ጌራ፣ ጎማ» ይሆናል፤ ኪሎው ደግሞ 68፣ 95፣ 95፣ 112፣ 240። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ከመዝገቡ ጋር ቢያመሳክሯቸው በአጋጣሚ ልክ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን ተለዋውጠዋል፤ ከጌራ የመጣው 240 ኪሎ ለጎማ፣ የጎማው 112 ለጌራ ተሰጥቷል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች አይቶ «ደኅና ነው» ማለት ምርመራ አይደለም።

ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ብቻ መርጦ መደርደር የሚያመጣው ጥፋት ከዚህ አይለይም። ልዩነቱ ኤክሴል አጎራባቹን ዓምድ ላካትት ወይ ብሎ አስቀድሞ መጠየቁ ነው፤ ፓይተን አይጠይቅም።

ደረጃ 4፦ የተራውን ዝርዝር ይሥሩ

ይህ የሥራው ዋና ደረጃ ነው። የሚከተለውን ይጻፉ።

ተራ = ሶርትድ(ሬንጅ(ሌን(ኪሎ)), ኪይ=ላምዳ ቁ: ኪሎ[ቁ])

መስመሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ያንብቡት። ሌን የኪሎውን ብዛት ይቆጥራል፣ 5 ነው። ሬንጅ ከ0 እስከ 4 ያሉትን የቦታ ቁጥሮች ያቀርባል። ሶርትድ የሚደረድረው እነዚህን የቦታ ቁጥሮች ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም ለመወሰን ግን ቁጥሩን ራሱን ሳይሆን በዚያ ቦታ ያለውን ኪሎ ይመለከታል፤ ይህን እንዲያደርግ የሚያዝዘው ኪይ ነው፤ ላምዳ ደግሞ «ቁ» ያልነውን የቦታ ቁጥር ተቀብሎ በዚያ ቦታ ያለውን ኪሎ የሚመልስ አጭር ፋንክሽን ነው። ውጤቱን በፕሪንት ሲያሳዩት ይህ መሆን አለበት፦

[4, 1, 3, 0, 2]

ትርጉሙም «መጀመሪያ በ4 ቦታ ያለው ይምጣ፣ ቀጥሎ በ1፣ ከዚያ በ3» ማለት ነው። እስካሁን ከአራቱ ዝርዝሮች አንዱም አልተነካም። መብራት ቢጠፋ ወይም ሐሳብዎን ቢቀይሩ የሚጠፋ ነገር የለም፤ ይህንን መንገድ ከሌሎቹ የምመርጠውም ስለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ኪሎ = ኪሎ.ሶርት()» ብለው አይጻፉ። ሶርት ዝርዝሩን በቦታው ይደረድርና የሚመልሰው ነን ነው፤ በዚያ መስመር ኪሎው በሙሉ በነን ይተካል። አዲስ ዝርዝር የሚመልሰው ሶርትድ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የተደረደረውን እያንዳንዱን ኪሎ በኢንዴክስ ትእዛዝ ከቀድሞው ዝርዝር እየፈለጉ ቦታውን ማግኘት የሚመርጡ አሉ። 95 ሁለት ጊዜ ስላለ ኢንዴክስ ሁልጊዜ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው፤ ማና ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ ቀርሳ ይጠፋል። ኪሎዎቹ ሁሉ የተለያዩ በሆኑበት ቀን ያው ኮድ በትክክል ይሠራል፤ ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታወቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 5፦ ተራውን በሁሉም ላይ ይተግብሩ

በመጀመሪያ የአራቱም ርዝመት እኩል መሆኑን በሌን ያረጋግጡ። እኩል ካልሆኑ እዚህ ላይ ያቁሙና የጎደለውን ረድፍ በመዝገቡ ላይ ይፈልጉ፤ ረድፉ የጎደለው ከመካከል ሊሆን ስለሚችል በመጨረሻው ላይ ዜሮ ጨምሮ ማሟላት አይገባም። እኩል ከሆኑ የሚከተለውን ይጻፉ፤ «ፎር ቁ ኢን ተራ» ማለት «በተራው ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ የቦታ ቁጥር» ማለት ነው።

ደረሰኝ_ን = [ደረሰኝ[ቁ] ፎር ቁ ኢን ተራ]
ወረዳ_ን = [ወረዳ[ቁ] ፎር ቁ ኢን ተራ]
ኪሎ_ን = [ኪሎ[ቁ] ፎር ቁ ኢን ተራ]
ዋጋ_ን = [ዋጋ[ቁ] ፎር ቁ ኢን ተራ]

ውጤቱ ደረሰኝ 305፣ 302፣ 304፣ 301፣ 303፤ ወረዳ ሊሙ ኮሳ፣ ማና፣ ቀርሳ፣ ጎማ፣ ጌራ፤ ኪሎ 68፣ 95፣ 95፣ 112፣ 240፤ ዋጋ 50፣ 62፣ 60፣ 55፣ 58 ይሆናል።

አዲሶቹን ዝርዝሮች በአዲስ ስም ማስቀመጥ የግድ ነው። «ኪሎ = [ኪሎ[ቁ] ፎር ቁ ኢን ተራ]» ብለው በአሮጌው ስም ላይ ጽፈው መስመሩን በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢያስኬዱት ኪሎው ብቻ ሁለት ጊዜ ይበወዛል። እንዲሁም «ቅጂ = ኪሎ» ማለት ቅጂ መሥራት አይደለም፤ ለዚያው ዝርዝር ሁለተኛ ስም መስጠት ነው። እውነተኛ ቅጂ የሚያስገኘው «ቅጂ = ኪሎ[:]» ነው።

በዚፕ ኪሎውን ፊት አድርጎ አራቱን አጣምሮ መደርደርም ይቻላል፤ መስመሩም ያጥራል። ግን ሁለት ነገር ይጠብቁ። ዚፕ አንዱ ዝርዝር አጭር ከሆነ የሌሎቹን ትርፍ ያለ ምንም ድምፅ ይቆርጣል፤ ይህን የሚከለክለው በ3.10 የመጣው «ስትሪክት=ትሩ» ነው፣ ርዝመታቸው ከተለያየ ቫልዩ ኤረር (የዋጋ ስሕተት መልእክት) ያወጣል። ሁለተኛ፣ ያለ ኪይ የተደረደረ ጥንድ ሁለት ኪሎዎች እኩል በሆኑ ቁጥር ቀጥሎ ያለውን ዝርዝር ማነጻጸር ይጀምራል፤ እዚያ ነን ካገኘ ሥራው በታይፕ ኤረር (የዓይነት ስሕተት መልእክት) ይቆማል።

ደረጃ 6፦ ያረጋግጡ

የኪሎውን ጠቅላላ ድምር ብቻ አይመኑ። ዝርዝሮቹ ተፋልሰውም ይሁን በትክክል ተደርድረው የኪሎው ድምር ያው 610 ነው። ለየት የሚለው ኪሎው በዋጋው ተባዝቶ የሚገኘው ድምር ነው። በምሳሌያችን ትክክለኛው ክፍያ 35,070 ብር ነው። ኪሎውና ዋጋው ለየብቻ ቢደረደሩ 35,735 ይመጣል፤ ኪሎው ብቻ ተደርድሮ ዋጋው ባለበት ቢቀር ደግሞ 33,860። ከመደርደርዎ በፊትና በኋላ ይህንን ድምር አውጥተው ያወዳድሩ።

የክፍያ ድምሩ ግን ወረዳው ከኪሎው ጋር መሄዱን አያረጋግጥም። ለዚህ የሚሆነው ምርመራ የሚከተለው ነው።

ሶርትድ(ዚፕ(ደረሰኝ, ወረዳ, ኪሎ, ዋጋ)) == ሶርትድ(ዚፕ(ደረሰኝ_ን, ወረዳ_ን, ኪሎ_ን, ዋጋ_ን))

መልሱ ትሩ ከሆነ አንድም ረድፍ አልተፋለሰም። ፎልስ ከሆነ ምንም ነገር ወደ ፋይል ሳይጽፉ ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። ደረሰኙን ፊት ያስቀመጥነው ስለማይደገም ነው፤ በዚህ ምክንያት ንጽጽሩ ወደ ቀጣዮቹ ዝርዝሮች አይዘልቅም። የማይደገም ቁጥር የሌለው መዝገብ ካለዎት፣ መረጃው እንደተነበበ ወዲያውኑ ከ1 ጀምሮ ቁጥር ይስጡት።

ደረጃ 7፦ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ እኩል የሆኑትንም መለየት

ከትልቁ ለመጀመር በሶርትድ ውስጥ «ሪቨርስ=ትሩ» ይጨምሩ፤ ተራው [2, 0, 1, 3, 4] ይሆናል። የተጠናቀቀውን ዝርዝር መገልበጥ ግን [2, 0, 3, 1, 4] ይሰጣል፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሶርትድ እኩል የሆኑትን ባገኘበት ቅደም ተከተል ይተዋቸዋል፣ በሪቨርስም ቢሆን፤ መገልበጥ ግን እነርሱንም ያገላብጣቸዋል።

እኩል የሆኑትን በሁለተኛ መለኪያ ለመለየት ኪዩ ጥንድ እንዲመልስ ያድርጉ።

ተራ = ሶርትድ(ሬንጅ(ሌን(ኪሎ)), ኪይ=ላምዳ ቁ: (-ኪሎ[ቁ], ዋጋ[ቁ]))

ይህ ከብዙ ኪሎ ወደ ጥቂት፣ ኪሎው እኩል ሲሆን ከዝቅተኛ ዋጋ ወደ ከፍተኛ ይደረድራል። ስለዚህ ቀርሳ በ60 ብር ከማና በ62 ብር ይቀድማል። የቅናሽ ምልክቱ ለቁጥር ብቻ ነው የሚሠራው። ጽሑፍን በተቃራኒ ለመደርደር ሁለት ጊዜ ይደርድሩ፦ መጀመሪያ በሁለተኛው መለኪያ፣ ቀጥሎ የተገኘውን ተራ በዋናው መለኪያ።

ያልተመዘነ ጆንያ ኖሮ ኪሎው ነን ከሆነ ሶርትድ በታይፕ ኤረር ይቆማል። ኪዩን «(ኪሎ[ቁ] ኢዝ ነን, ኪሎ[ቁ] ኦር 0)» ቢያደርጉት ያልተመዘኑት ወደ መጨረሻ ይሄዳሉ። ከዚህ ኪይ ጋር ሪቨርስ ከተጠቀሙ ግን ያልተመዘኑት ፊት ይመጣሉ፤ በሪቨርስ ፈንታ ሁለተኛውን ክፍል በቅንፍ ከበው የቅናሽ ምልክት ይጨምሩበት፦ «-(ኪሎ[ቁ] ኦር 0)»። ከሁሉ የሚከፋው ናን («ቁጥር ያልሆነ») የሚባለው የቁጥር ዓይነት ነው፤ ከምንም ጋር ሲነጻጸር መልሱ ፎልስ ስለሆነ ሶርትድ ያለ ምንም መልእክት የተዘበራረቀ ተራ ያወጣል። ናን ካለ ወደ ነን ይቀይሩት።

ደረጃ 8፦ በወረዳ ስም ሲደረድሩ

ፓይተን ፊደላትን የሚያነጻጽረው በዩኒኮድ ቁጥራቸው (ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው ዓለም አቀፍ መለያ) ነው፤ የግእዝ ፊደል እዚያ በሀ ለ ሐ መ ቅደም ተከተል ስለተቀመጠ ውጤቱ በአብዛኛው የምንጠብቀው ነው። ችግሩ ያለው በአጻጻፋችን ላይ ነው። «ሰቃ ጨቆርሳ»ን አንዱ ጸሐፊ በሰ፣ ሌላው በሠ ይጽፈዋል። በዩኒኮድ ሠ ከረ ይቀድማል፣ ሰ ደግሞ ረን ይከተላል፤ በመሆኑም የአንድ ወረዳ ረድፎች በሁለት ቦታ ይከፈላሉ። «ጎማ» እና «ጐማ»ም እንዲሁ ናቸው፤ ጎ እና ጐ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አሏቸው።

መረጃውን ሳይቀይሩ ለንጽጽር ብቻ የሚያገለግል የመተኪያ ሠንጠረዥ ያዘጋጁ።

መተኪያ = ስትር.ሜክትራንስ("ሠሡሢሣሤሥሦጐቈ", "ሰሱሲሳሴስሶጎቆ")
ተራ = ሶርትድ(ሬንጅ(ሌን(ወረዳ)), ኪይ=ላምዳ ቁ: ወረዳ[ቁ].ትራንስሌት(መተኪያ))

የሐንና የኀን፣ የዐን፣ የፀንም ቤተሰቦች በዚሁ መንገድ ከሰባቱ ፊደሎቻቸው ጋር ይጨምሩ። ሁለቱ ጽሑፎች በፊደል ብዛት እኩል ካልሆኑ ሜክትራንስ ቫልዩ ኤረር ያወጣል፤ ያኔ የትኛው ፊደል እንደተዘለለ ይቁጠሩ።

በጅማ ደግሞ ስሙ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ የተጻፈ መዝገብ ብርቅ አይደለም። የላቲን ፊደላት በዩኒኮድ ከግእዝ ይቀድማሉ፤ ከላቲኖቹም ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ይቀድማሉ። ስለዚህ በቁቤ የተጻፉት ሁሉ ፊት ይሰበሰባሉ። ይህ በኮድ ብልሃት የሚስተካከል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ወረዳ አንድ መለያ ቁጥር ሰጥተው በቁጥሩ ይደርድሩ።

ደረጃ 9፦ በቀን ሲደረድሩ

«5/2/2017» እና «12/2/2017» እንደ ጽሑፍ ሲነጻጸሩ ጥቅምት 12 ከጥቅምት 5 ይቀድማል። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርገው በዜሮ ሞልተው ይጻፉት፦ 2017-02-05። በዚህ አጻጻፍ የጽሑፍ ንጽጽሩና የቀኑ ቅደም ተከተል አንድ ይሆናሉ።

የኢትዮጵያን ቀን ለፓይተን ዴትታይም አይስጡ። ያ መሣሪያ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ጥቅምት 30ን እንደ ፌብሩዋሪ 30 ስለሚያየው ይጥለዋል፣ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር ስለሌለው አይቀበልም። የሚቀበላቸው ቀኖች ደግሞ የበለጠ ያሳስባሉ፤ በሁለት ርክክቦች መካከል ስንት ቀን እንዳለፈ ሲጠይቁት የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ደረጃ 10፦ ወደ መጀመሪያው ተራ መመለስ

የወረቀት መዝገቡን ከኮምፒውተሩ ጋር ለማመሳከር የቀድሞው ቅደም ተከተል ሊያስፈልግ ይችላል። የተራውን ዝርዝር ራሱን በዚያው ዘዴ ይደርድሩ።

መልስ = ሶርትድ(ሬንጅ(ሌን(ተራ)), ኪይ=ላምዳ ቁ: ተራ[ቁ])

ይህንን በአዲሶቹ ዝርዝሮች ላይ ሲተገብሩ እያንዳንዱ ረድፍ ወደ ነበረበት ይመለሳል። የሚሠራው «ተራ» ሳይቀየር ከቆየ ብቻ ነው፤ በሌላ መለኪያ እንደገና ሲደረድሩ «ተራ_በወረዳ»፣ «ተራ_በቀን» እያሉ የተለየ ስም ይስጡ።

በሌላ ቋንቋ ለሚሠሩ

በጃቫስክሪፕት ሶርት ምንም ካልተነገረው ቁጥሮችንም እንደ ጽሑፍ ያነጻጽራል፤ 112ን ከ95 ያስቀድማል። የቦታ ቁጥሮቹን ሲደረድሩ የአንዱን ኪሎ ከሌላው የሚቀንስ ማነጻጸሪያ ፋንክሽን ይስጡት። የቀረው ከላይ እንደተገለጸው ነው።

በፒኤችፒ አሬይ መልቲሶርት የሚባለው ትእዛዝ ብዙ አሬዮችን (ዝርዝሮችን) በአንድ ጊዜ ይደረድራል። መለኪያ የሚሆነውን አሬይ መጀመሪያ ላይ ያድርጉት፣ ሌሎቹንም ሁሉ በዚያው አንድ ጥሪ ውስጥ ያካቷቸው፤ አንዱን ከረሱ እርሱ ብቻ ሳይደረደር ይቀራል። መጠናቸው እኩል ካልሆነ ትእዛዙ አይፈጸምም። የሚቀይረው ዋናዎቹን አሬዮች ራሳቸውን ስለሆነና የተራ ዝርዝር ስለማይተውልዎ፣ ከመጥራትዎ በፊት ከ0 የሚጀምር የቦታ ቁጥር አሬይ ሠርተው ከሌሎቹ ጋር በመጨረሻ ያስገቡት።